ከላይ አባዬ፣ ከታች ማሙሽ

ለናፈቅሽኝ እናቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እንደምን ትሆኚ ይሆን? ወገብሽስ በርትቶልሻል? እህቴስ ከወለደች ወዲህ ትንሽ ሥጋ ነገር ዘራች? ሕፃኑ ያስተኛችኋል ወይስ እንደ እናቱ ገና ከጨቅላነቱ ቤቱን በጩኸት ያስተዳድራል? ተረከዙ ላይ ያለችውን እጥፋት ሳሚልኝ፤ ፎቶው ላይ አይቻት ሆዴ ባብቷል። እኛ ደህና ነን። "ደህና" ያልኩትን ግን እንደ መጋረጃ ቁጠሪው፤ ገለጥ ብታደርጊው ከኋላው ብዙ ዕቃ አለ። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በዚህ ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር ግድግዳው ሁሉ ጆሮ ስለሚያበቅል ነው። ለዚህ ነው እንደ ድሮ ሰው ብዕር ያነሳሁት።

መቼም ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው። ወንበርሽን ቀድጄዋለሁ።

የትኛውን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ታውቂዋለሽ። በረንዳው ላይ የምትቀመጪበትን፣ መቀመጫው በሸምበቆ ልጥ የተጠለፈውን፣ "ይኼ የመቀመጫ እንጂ የመቆሚያ አይደለም" እያልሽ ስንቴ የጮኽሽብኝን። ቆምኩበት እማዬ። እፍረቴ ደግሞ የቆምኩበት ምክንያት ነው። ጎረቤታችን እትዬ ሬዲዮ አዲስ አልጋ አስመጥተው፣ አልጋው በበራቸው አልገባ ብሎ ወንዶቹ ግቢ ውስጥ ሲያገላብጡት ድምፁን ሰማሁ። አጥሩ ደግሞ እንደምታውቂው ረጅም ነው። "የሰው አልጋ ምን ቤትሽ ነው?" እንዳትዪኝ። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ ወንበሩን የምትይዢልኝ አንቺው ነበርሽ።

ልክ የራስጌው ጌጥ ሊታየኝ ሲል መቀመጫው "ጧ!" አለና ቀኝ እግሬ እስከ ጭኔ ሰመጠ። ግራው ከላይ ቀረ። ልጡ ስገባ ምንም ሳይለኝ አስገብቶኝ፣ ልውጣ ስል እንደ እሾህ አጥር ቆንጥጦ ያዘኝ። ጮኽኩ። አባዬ ከስፌት ክፍሉ፣ ልጅሽ ማሙሽ ከጓሮ ሮጠው መጡ።

ሁለቱን እንደተኳረፉ ነበር ትተሽልኝ የሄድሽው፤ እንደተኳረፉ ናቸው። እኔም እንደ ሽመላ በአንድ እግሬ ቆሜ አስተርጓሚ ሆንኩልሽ። አባዬ "ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ ጫፉን ወደ ታች ይጫንልሽ" ይለኛል፤ ሰውዬው ክንድ አይርቀውም! ማሙሽ ደግሞ "ለልብስ ሰፊው ንገሪልኝ፤ የያዘው እግር ነው፣ የሱሪ እግር አይደለም፤ እንደዚያ አይጎትት" ይላል። ይህን ሁሉ እትዬ ሬዲዮ በአዲሱ አልጋቸው ላይ ቆመው በአጥሩ ብቅ ብለው ሲያዩ ቆይተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ውይ የኔ ልጅ፣ ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር። ራስጌው ባለ መስታወት ነው።"

ከዚያ ቀን በኋላ ለሦስት ቀን ያህል ወደ ሱቅ የሄድኩት በጓሮ በር ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ያን ምሳ ታስታውሺዋለሽ፤ ማሙሽ ሊያገባት ያሰባትን ፀጉር ሠሪ ከነወላጆቿ ያመጣበትን። አንቺ ከማዕድ ቤት ስትመላለሺ ግማሹን ላትሰሚው ትችያለሽ። አባዬ ጨዋታው ሞቅ ሲለው "ይህ ልጄ ጀምሮ የጨረሰው ነገር ቢኖር ምሳውን ብቻ ነው" ብሎ ጀመረ። ከዚያ ማን ያቁመው! ያቋረጠውን የማታ ትምህርት፣ ጣራ ያላገኘውን የዶሮ ቤት፣ መንጃ ፈቃዱን፣ አንድ ዘፈን ሳይወጣው የተሸጠውን ጊታር አንድ በአንድ ዘረገፈው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቋን መጀመሪያ ያቆመችው የልጅቷ እናት ነበረች። ማሙሽ በቧንቧ ሥራ ስንት ዓመት እንደጸና የጠቀሰ ሰው የለም። በማግስቱ ከልጅቷ ቤት "እስቲ እናስብበት" የምትል ቀዝቃዛ መልስ መጣች፤ ማሙሽም አፉን ዘጋ። አኩራፊ ምሳው እራቱ ነው ይባላል፤ የእኛው ግን እራቱንም በክፍሉ አደረገው።

አንቺም አራስ ልትጠይቂ ስትወጪ በር ላይ በጆሮዬ ያልሽኝን ለማንም አልተናገርኩም። "እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ገበታ ቀርበው ሳያወሩ እዚህ ቤት እግሬን አላስገባም" ነው ያልሽው። ጎረቤቱ የልጅ ልጇ አልለቅ ብሏት ነው ይላል። እኔ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ እንዳልሆንሽ እያወቅኩ እሮጣለሁ።

እና ስለ ወንበሩ፤ የፕላስቲክ ወንበር ገዝቼ ነገሩን ላለባብሰው ነበር። አባዬ ተቆጣ። "እናትሽን ፕላስቲክ ላይ ልታስቀምጫት ነው? ይኼ ምንድን ነው? ወፍራም ክር ነው። ክር ከሆነ ደግሞ ለእኔ ተይልኝ" አለ። ወንበር ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። "እኔ እሸጣለሁ እንጂ አልጠግንም" አለኝና አንድ ጥቅል ልጥ ሰጠኝ፤ እንዴት እንደሚሠራም ነገረኝ። የተበጠሰውን በምላጭ ቆርጣችሁ አውጡ፤ በእንጨቱ ዙሪያ ያሉትን ቀዳዳዎች በወስፌ አጽዱ፤ ልጡን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ የሚያብለጨልጨው ፊቱ ወደ ላይ ይሁን። ደግሞ ለብቻ አይሞከርም አለኝ። አንዱ ከላይ ሆኖ ልጡን በቀዳዳው ወደ ታች ይሰዳል፤ ሌላው ከታች ተኝቶ ይቀበላል፣ ይስባል፣ በሚቀጥለው ቀዳዳ ወደ ላይ ይመልሳል።

ይህን ሁሉ ለአባዬ እንዳለ አደረስኩለት። ውሃ የምትለዋን ግን አልሰማትም፤ ወይም ንቋታል። ጥቅሉን ሲፈታው ልጡ እንደ ጠጉር ተጠማዞ አልቃና አለው። ልብስ ሰፊ የተጨማደደ ነገር ሲያይ ምን ያደርጋል? ተኮሰው! እርጥብ ጨርቅ አልብሶ፣ ካውያውን አግሎ፣ አንድ በአንድ ተኮሰልሽ። ሲያልቅ እንደ ሙሽራ ሱሪ ቀጥ ብሎ ተደረደረ፤ ደስ አለው። ከዚያ የመጀመሪያውን በቀዳዳው ሊያስገባ አጠፍ ሲያደርገው "ቀጭ!" አለ። ሁለተኛውም "ቀጭ!"። ሦስተኛው ገና ሳይነካው ተሰበረ ብልሽ ይቀለኛል።

ከመስኮቱ ውጪ ሳቅ ሰማን። ማሙሽ ነው። ከዚያ ምሳ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። አባዬ ወደ እኔ ዞሮ "ለሚስቀው ንገሪው፤ ሳቅ ወንበር አይጠልፍም" አለኝ። ከውጪ ወዲያው "ካውያም አይጠልፍም በይው" የሚል መልስ መጣ። አባዬ ከንፈሩን ሲነክስ አየሁት። ሊስቅ ነበር እማዬ፤ ዋጠው እንጂ።

አዲስ ጥቅል መጣ፤ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ተዘፈዘፈ። ከታች የምትተኛዋ እኔ ሆንኩ። በረንዳው ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ውሃው አፍንጫዬ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አባዬ ከላይ ይሰዳል፣ እኔ ከታች እስባለሁ። እሱ "ሳቢ" ሲል እኔ ስለ እትዬ ሬዲዮ አልጋ እያወራሁ ነው። "አንቺ ከታች ሆነሽ ታወሪያለሽ እንጂ አትስቢም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔ የሳብኩት ሁሉ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቦ ቀረ።

የአባዬ ሥራ እንዴት ነው ብለሽ ነበር ባለፈው። አለ። ብቻ ጥቁር ጨርቅ የሚያመጣ ደንበኛ ከመጣ "ዘመኑ የደማቅ ቀለም ነው" እያለ ይመልሳል። የባንኩ ጥበቃ ጥቁር ሱሪውን ወስዶ ተመልሶ መጣ፤ እግሩ በሰማያዊ ክር ተሰፍቶለታል። አባዬም ደንገጥ ሳይል "አዲስ ፋሽን ነው፤ ካልወደድከው እፈታዋለሁ" አለው። እንዲያውም አንቺ ስትሄጂ መርፌ መሰኪያው ላይ ያሉትን መርፌዎች በሙሉ ክር አስገብተሽባቸው ነበር የሄድሽው። "ይህች ሴት ካለሷ በዚህ ቤት መርፌ እንኳ ክር የሚያስገባለት የለም ብላ ነው" ብዬ ስቄብሻለሁ። እነዚያ ሲያልቁ አባዬ እኔን ይጠራኝ ጀመር። አንዴ "ጣቴን የማሽን ዘይት ነክቶታል"፣ አንዴ "ሥራ ፈት አትሁኚ፤ ይህቺን አስገቢልኝ" ይላል። እኔም እያጉረመረምኩ አስገባለታለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባዬ እርጥብ ልጥ ሊያመጣ ወደ ሳፋው ሄደ። እኔ ከወንበሩ ሥር ተዘርግቻለሁ፤ የሚታየው እግሬ ብቻ ነው። ማሙሽ ከሥራ ገባ። ቆሞ ትንሽ አየኝ፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር በቁርጭምጭሚቴ ይዞ እንደ ጆንያ ጎትቶ አወጣኝና በቦታዬ ተንሸራቶ ገባ። ከሰው መታጠቢያ ሥር ተኝቶ መዋል ሙያው አይደል? ተስተካክሎ ተኛና መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ። ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በይ አለኝ። እኔም ቀሚሴን እያራገፍኩ ወደ በሩ ሄጄ ቆምኩ።

አባዬ ልጡን ይዞ ተመለሰ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግ አለና "ግቡ እትዬ፤ ቀሚስዎ ነገ ይደርሳል" አለኝ።

እማዬ፣ ሦስት እርምጃ አይርቀንም ነበር። የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ክው ብዬ ቀረሁ። እሱ ደግሞ መልስ ሳይጠብቅ ወንበሩ ፊት በርከክ ብሎ፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ፈልጎ ልጡን ወደ ታች ሰደደ። ማሙሽ ተቀብሎ ሳበ። "ጎሽ! እንዲህ ሳቢ እንጂ። ዛሬ ክንድሽ ጠነከረ" አለ አባዬ፤ ከሥሩ ያለሁት እኔ መስዬው። እንደገና ሰደደ፣ እንደገና ተሳበ። እጁ ሥራ ሲለምድለት ደግሞ አንደበቱ ይፈታል፤ ታውቂው የለ።

"ወንድምሽ እንዲህ የሚጠና አይመስለኝም ነበር" አለ። "ልጅ ሳለ ኩርፊያው እስከ እራት ነበር። ያን ቀን ሰው ፊት የተናገርኩትን ... ምላስ አጥንት የለውም እያልን እንስቃለን፤ አጥንት የሚሰብረው ግን እሱው ነው። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል ልጄ፤ ይኼ በሽታዬ ነው። አንዱን ተናግሬ ሲስቁ ሌላ ጨመርኩ። ልጅቷ እሱን ስታየው ሳያት ግን ..." ቀጣዩን ቀዳዳ ዳበሰ። "ደግሞ ስፌቱን ተማርልኝ ስለው እምቢ ብሎ ቧንቧ ውስጥ መግባቱን ቂም ይዤበት ኖሬ ነው። ጠዋት ጠዋት ሲወጣ እሰማዋለሁ። በሩን ቀስ አድርጎ ነው የሚዘጋው፤ እንዳያስነሳኝ። አንድ ቀን እንኳ ገጭ አድርጎት አያውቅም። አንቺ ታዲያ ይህን ሄደሽ እንዳትነግሪው፤ ይኮራብኛል።"

ልጡ ከታች መሳቡን አቁሟል። የማሙሽ እጅ ጫፉን እንደጨበጠ ቀርቷል። አባዬ ጠበቀ፣ ጠበቀና "ሳቢ እንጂ! ተኛሽ እንዴ?" አለ።

ያኔ ከወንበሩ ሥር ያ ወፍራም ድምፅ መጣ። "አንድ ቀዳዳ ዘለልክ አባዬ። ወደ ግራህ መልሰው።"

ስንቱን ቀን ስጠብቀው የነበረ ድምፅ ነው። አባዬ ልጡን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከዚያ "መቼ ነው የገባኸው?" አለው። ማሙሽ "አሁን ገና" አለ። "ምን ምን ሰማህ?" ማሙሽም "ከዚህ ሥር ምን ይሰማል? ልጡ ሲፋቅ ብቻ ነው የሚሰማው" አለው። አባዬ ቀስ ብሎ ወደ ግራው ዳበሰ፤ ቀዳዳውን አገኘው። "እንግዲያው ሳብ" አለ። ሳበ።

እኔ ማዕድ ቤት ገብቼ ድስት አጠብኩ። የታጠበውን ድስት።

ከዚያ ወዲያ ያለው እንዲህ ነው። በየቀኑ ማሙሽ ከሥራ እንደመጣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ከወንበሩ ሥር ይገባል። በመጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ልጡ ብቻ ነበር፤ "ያዝ"፣ "ልቀቅ"፣ "ረገበ"፣ "ሽብልቁን ምታው" (ልጡን ቀዳዳው ውስጥ የምታጠብቅ ትንሽ እንጨት ናት)። ማሙሽ ታዲያ ሳይጠየቅ እያንዳንዱን ቀዳዳ ይጠራል። "ቀጥሎ በስተቀኝህ። አሁን ጥጉ ላይ። አሁን ከእሱ ጎን።" ለምን እንደሚጠራም በራሱ አፍ ምክንያት ሰጠ፤ "ከታች ሆኖ ቀዳዳው ብርሃን ያስገባል፣ ይታያል፤ ከላይ ግን ያስቸግራል" አለ። አባዬም ቶሎ ብሎ "አዎ፣ ከላይ ያንጸባርቃል" አለ። ሁለቱም በዚህ ተስማሙ። እኔም ተስማማሁ።

ቀስ በቀስ ወሬው ከልጡ ወጣ። አባዬ "ዕድሜህን በሙሉ ከሰው ዕቃ ሥር ልትጨርሰው ነው?" ይለዋል፤ ማሙሽ "ከላይ ያለው ሰው ሥራ እስኪለምድ ድረስ ምን ላድርግ?" ይለዋል። እንዲህ ሲባባሉ መስማት ለእኔ ከሬዲዮ ይበልጣል፤ ከሳጥኑም ከጎረቤቷም።

እትዬ ሬዲዮ ደግሞ ቀሩ? መጥተው መቀመጫውን ዙሪያውን ካዩ በኋላ "ምነው ይኼ መስመር ሰክሮ ቤቱ የገባ ሰው መሰለ?" አሉ። ያ የመጀመሪያው ረድፍ ነው፤ አባዬና እኔ የሠራነው፤ ቀዳዳዎቹ የተዘለሉበት። የአባዬ አንገት ቀላ። ማሙሽ ከሥር ሆኖ "የእህቴ ሥራ ነው እትዬ" አለ። ክፉ! ግን ወዲያው ገባኝ። "አዎ እትዬ፤ ወሬ ይዞኝ ነው" አልኳቸው። "መቼስ አንቺ!" ብለው እየሳቁ ሄዱ። እሳቸው እንደወጡ ማሙሽ "እንፍታው?" ብሎ ጠየቀ። የሰፋውን ነገር ሰው እንዳይፈታበት የሚሟገተው አባዬ "ፍታው" አለ። ፈትተው እንደገና ሠሩት።

ፀጉር ሠሪዋም አንድ እሑድ መጥታ ነበር። በሩ ላይ "ቤቶች" ስትል አባዬ በድምፅዋ ብቻ አወቃት፤ ልጡን ጥሎ ተነሳ። "የኔ ልጅ፣ ያን ቀን ምሳሽን አበላሽቼብሻለሁ" አላት። እሷም ምን አለች መሰለሽ? "አባባ፣ እኔም ብዙ ነገር ጀምሬ ትቻለሁ። እሱን ግን ልተወው ብል እምቢ አለኝ።" ከወንበሩ ሥር ያለው ሰውዬ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ከእንጨቱ ጋር አጋጨ። እናቷ ገና ፊቷን አልፈታችም፤ ግን "አባትየው እንዴት ናቸው?" ብላ ጠይቃለች አሉ። ጠያቂ ካለ መንገድ አለ።

ያን ቀን አራታችንም በአንድ ገበታ ምሳ በላን። ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቢው።

ማሙሽ እየበላን ስለ አንድ ደንበኛው አወራ። ቧንቧቸውን የጠገነላቸው ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሐኪሞች ከዓይናቸው ላይ ሞራውን አውጥተውላቸው፣ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት ሚስታቸውን ነበር። "ውይ አንቺ ሴትዮ፣ አርጅተሽ የለም እንዴ!" ቢሏቸው፣ ሚስትየው ፋሻውን መልሰው ሊያስሩባቸው ታገሉ። ተንከተከትን። አባዬም ሳቀ። ከዚያ ቀና ሳይል "ያማል ወይ?" አለ። ማሙሽ "እሳቸው ከዚያ ይልቅ የሚስቴ ኩርፊያ አመመኝ ነው የሚሉት" አለው። አባዬ "እህ" አለና ውሃ ቀዳ።

ትናንት ጠዋት በማለዳ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባሁ፤ አባዬ ሳይነሳ መርፌዎቹን ላሰናዳለት ብዬ። ቀድሞኝ የገባ ሰው አለ። ጥቁሩ በስተቀኝ፣ ነጩ በስተግራ፣ ቡናማው መሐል ላይ፣ ሁሉም ክር ገብቶላቸው ተሰክተዋል። ጫፋቸው ላይ ያለው ቋጠሮ ግን እንደ አንቺ ቀጭን አይደለም። ወፍራም፣ የቧንቧ ሠራተኛ ቋጠሮ ነው። መርፌ መሰኪያውን ይዤ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ምንም አልጠይቅሽም እማዬ። መልሱን የማላውቀው ጥያቄ የለኝም። ስንት ዓመት ብቻሽን ስትቋጥሪ እንደኖርሽ ግን አሁን ገባኝ።

ወንበሩ ጠርዙ ብቻ ቀርቶታል። ሲደርቅ ልጡ ይወጠራል ብሎኝ ነበር ሻጩ፤ እውነትም በጣትሽ ብትመቺው እንደ ከበሮ ይመልስልሻል። ገና ማንም አልተቀመጠበትም። አባዬ አላስቀምጥ ብሏል።

ዛሬ ጠዋት ማሙሽ ሥራ አልሄደም። አባዬ ያን ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ወጣ። የት ልትሄዱ ነው አልኳቸው። አባዬ "ጨርቅ ልንገዛ" አለ። ማሙሽ "አዎ፣ ጨርቅ" አለ። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። መዋሸት እንኳ አብረው ጀምረዋል። በር ላይ ሲደርስ አባዬ ወደ እኔ ዞሮ "ለእናትሽ ስትጽፊ ስለ ወንበሩ ጻፊላት፤ ሌላውን ተይው" አለኝ። እኔም ትእዛዙን አክብሬ፣ ይኸው እንደምታዪው የጻፍኩልሽ ስለ ወንበሩ ብቻ ነው።

ቆሜ ሸኘኋቸው። አባዬ የማሙሽን ክንድ ይዟል፤ መሪው እሱ እንዲመስል ደግሞ ግማሽ እርምጃ ይቀድመዋል። ማሙሽ እየቀደመው እንዲሄድ ይተወዋል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ግን ክንዱን ሳብ ያደርገዋል። የጨርቅ ተራ ከበራችን ወጥተሽ በስተቀኝ ነው። እነሱ በስተግራ ታጠፉ፣ ወደ ሐኪም ቤቱ ዳገት። አልጠራኋቸውም።

ለእህቴ ምጥሽን ይርሺው በይልኝ፤ ሕፃኑን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አንቺንም በደጉ ያገናኘን፤ መንገድሽ የቀና፣ ጓዝሽ የቀለለ ይሁን። ጓዝ ያልኩት ሳላስበው አምልጦኝ አይደለም። አባዬና ማሙሽ ገና አልተመለሱም። ሲመለሱ የሆነውን ሁሉ እጽፍልሻለሁ፤ ብዕሬን አልከደንኩትም፤ ጆሮዬም በሩ ላይ ነው።

ወሬኛዋ ልጅሽ